ከፈተናው በፊት ያለችው ግማሽ ሰዓት

(ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ላይ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከስልኬ ቅጂ ላይ ገለበጥኩት። የተደጋገመውን አወጣሁ፤ መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎችም ጥቂቱን ጨመርኩ።)

እንደምን አረፈዳችሁ። ዘገየሁባችሁ፤ ይቅርታ። ጥፋቱ የሐረጎ ዳገት ነው።

ከኮምቦልቻ በጠዋት ነው የተነሳሁት። ሐረጎን መውጣት ስንጀምር ጉም ወረደብን። ለእናንተ ስለ ሐረጎ ጉም አልነግራችሁም። ከፊታችን አንድ ሲኖትራክ እየተጎተተ ይወጣል፤ የኋላ መብራቱ በግድ ነው የሚታየው። ሹፌራችን መጀመሪያ ሙዚቃውን ዘጋ። ከዚያ እስከዚያች ደቂቃ ሲያወራ የነበረው ረዳት ዝም አለ። ሁላችንም ዝም አልን። ሹፌሩ መሪው ላይ ተለጥፎ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ ጥምዝ በጥምዝ እየቆጠረ አወጣን። ጉሙን ስናልፍ አንዲት እናት «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ አጠገባቸው ያሉት «ተመስገን» አሉ፤ ሙዚቃው ተከፈተ።

ያ ሰው ተጨንቆ ነበር። ጭንቀቱ ግን ሥራ ሠራለት። ዛሬ ማታ «ጉሙ የት ላይ ያዛችሁ?» ብትሉት ጥምዟን ከነድንጋይዋ ይነግራችኋል። ጭንቀት ሁልጊዜ የማስታወስ ጠላት ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ስለዚህ «አትጨነቁ» ልላችሁ አልመጣሁም። «አትጨነቅ» ተብሎ መጨነቅ ያቆመ ሰው አላየሁም። የሕክምና ተማሪዎችን ፊዚዮሎጂ ነው የማስተምረው። የእኔ ሥራ ነገሩ በውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ነው። ጭንቀት ሲመጣ አንጎል ውስጥ የቱ እንደሚጠብቅና የቱ እንደሚላላ ላሳያችሁ ነው የመጣሁት። ፕሮጀክተሩ እምቢ ስላለ በእጄ እያሳየሁ እሞክራለሁ።

ልጆቹ «ስትረስ» ይሉታል። መጽሐፉ «ውጥረት» ይለዋል። እናቶቻችን «ጠበበኝ» ይላሉ። ዛሬ ሦስቱንም «ጭንቀት» ብዬ እጠራቸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠራ እነግራችኋለሁ።

ጭንቅላታችን ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የነርቭ ሕዋሳት አሉ። የሚገርመው፣ አብዛኞቹ ሲነጋገሩ አይነካኩም። በመሃላቸው ክፍተት አለች፤ ስፋቷ ወደ 20 ናኖሜትር ነው። አንዲት የፀጉር ዘለላ ወስዳችሁ በውፍረቷ አራት ሺህ ቦታ ብትሰነጥቋት፣ አንዷ ስንጣቂ ያን ያህል ናት። ይህችን መገናኛ በ1897 እንግሊዛዊው ቻርልስ ሼሪንግተን ሲናፕስ አላት፤ ስሟ እስካሁን ይኸው ነው።

ሰኞ ገበያ ሐብሐብ የጫነ አይሱዙ ሲራገፍ አይታችኋል? አንዱ መኪናው ላይ ቆሞ ይወረውራል፤ ሌላው ታች ሆኖ ይቀልባል። ሲናፕስ እንደዚያ ነው። ላኪው ሕዋስ ግሉታሜት የሚባል ኬሚካል ይወረውራል። ከታች ያለው ሕዋስ በላዩ ላይ ቀላቢዎች አሉት፤ ሪሴፕተር እንላቸዋለን። ቀላቢው አንድ ብቻ ከሆነ ብዙ ሐብሐብ መሬት ይወድቃል። አምስት ከሆኑ ምንም አይወድቅም። መማር ማለት፣ በዚህ ደረጃ ስናየው፣ ታች ላይ ቀላቢ መጨመር ነው። መርሳት ደግሞ ቀላቢ መቀነስ ነው።

ቀላቢ ግን ዝም ተብሎ አይጨመርም። በሩ ሁለት ቁልፍ አለው። ላኪው መወርወር አለበት፤ ተቀባዩም በዚያው ቅጽበት ነቅቶ መገኘት አለበት። ሁለቱ ሲገጥሙ ብቻ በሩ ይከፈታል፤ ካልሲየም ይገባል፤ «እዚህ ጋ ሰው ጨምሩ» የሚል ትዕዛዝ ይተላለፋል። ቲም ብሊስና ተርየ ሎሞ ይህንን መጠናከር ኦስሎ ውስጥ በጥንቸሎች አንጎል አይተው በ1973 አሳተሙት። ለጥቂት ሴኮንዶች ነርቩን ቀስቅሰው ተዉት፤ ምላሹ ለሰዓታት ከፍ እንዳለ ቆየ። ሎሞ ነገሩን መጀመሪያ ያየው በ1966 ነው። ሰባት ዓመት ያህል! የእኛ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፍ ሦስት ወር በዛብኝ ይላል።

ሲናፕስ እንዲህ መጠናከርና መላላት መቻሉን ፕላስቲሲቲ እንለዋለን። ፕላስቲክ ሲባል ፌስታል እንዳይመጣባችሁ። ቃሉ ከግሪክ ነው፤ እንደ ሸክላ ጭቃ ቅርጽ መያዝ መቻል ማለት ነው።

ወደ ጉሙ እንመለስ። ሹፌሩ ጉሙን ባየ በሴኮንዶች ውስጥ አድሬናሊን ተለቀቀ። የልብ ምት፣ የእጅ ላብ፣ የአፍ መድረቅ የሱና አብሮት የሚነሳው ነርቭ ሥራ ነው። ኮርቲሶል የሚባለው ሌላው የጭንቀት ሆርሞን ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ከኩላሊት በላይ እንደ ቆብ ከተደፋች ዕጢ ይመነጫል። ትዕዛዙ ከአንጎል ተነስቶ፣ በደም ወርዶ፣ ኮርቲሶሉ ከፍ እስኪል 20፣ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ይህችን ግማሽ ሰዓት ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ኮርቲሶሉ በደም ተመልሶ ወደ አንጎል ይወጣል። የት ያርፋል? ኒውዮርክ ውስጥ ብሩስ ማክዩን ይህንን መረመረ። ዕጢያቸው ለወጣላቸው አይጦች ምልክት የተደረገበት ሆርሞን ወጋና የት እንደሚከማች ፈለገ። በ1968 ያወጣው መልስ ሂፖካምፐስ የሚል ነበር። ሂፖካምፐስ ከጆሮ አካባቢ ወደ ውስጥ ጠልቆ የተቀመጠ፣ የባሕር ፈረስ የምትባለውን ዓሣ የሚመስል ክፍል ነው። አዲስ ነገር መጀመሪያ የሚመዘገበው እዚያ ነው። ትናንት ያጠናችሁት ኬሚስትሪ እዚያ ነው ያለው። የጭንቀቱ ሆርሞን ቤቱን የሠራው የትምህርቱ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ አሰብኩ።

ሂፖካምፐስ ውስጥ ኮርቲሶል የሚቀመጥበት ወንበር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ታክሲ ጋቢና ነው፤ ቀድሞ ይሞላል። ተረጋግተን በተቀመጥንበት ሰዓት እንኳ አብዛኛው የተያዘ ነው። ሌላው የኋላ ወንበር ነው፤ ኮርቲሶል ሲበዛ ይያዛል። ጋቢናው ሞልቶ ከኋላ ጥቂት ሰው ሲኖር ታክሲው ደህና ይሄዳል፤ ሲናፕሱም በደንብ ይጠናከራል። ባዶውን ከሆነ አይንቀሳቀስም። ትርፍ ጭኖ ሰው በር ላይ ሲንጠለጠል ግን መጠናከሩ ይወድቃል፤ እንዲያውም መላላቱ ይቀላል። ለዚህ ነው ፍጹም ዘና ያለ ልጅም፣ ከልክ ያለፈ የተጨነቀ ልጅም የማይሆንላቸው።

አሁን ግማሽ ሰዓቷን አምጡልኝ።

የራሴን ልንገራችሁ። የ12ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ቀን ነው። በር ላይ አንድ ፈታኝ መታወቂያዬን አዩና «ይሄ ፎቶ አንተን አይመስልም» አሉኝ። ወደ ጎን አቆሙኝ። ሌላው ሁሉ ገባ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ላብ በላብ ሆንኩ። ብዙ ቆይተው «እሺ ግባ» አሉኝ። ወረቀቱን ገለበጥኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ከአንድ ቀን በፊት ለጓደኛዬ ያስረዳሁት ነው። ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኩበት ሁሉ ይታየኛል። ፎርሙላው ግን የለም። ቀዩ መስመር አለ፤ ከመስመሩ በላይ ባዶ ነው። ሌላውንም እንደምንም አቡክቼ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ከባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ዳቦ ስበላ፣ ያ ፎርሙላ ከነማስረጃው መጣ። ራሴን በጥፊ ልማታ ምንም አልቀረኝም።

ይህ የደረሰበት እስኪ እጁን ያውጣ። አያችሁ? መምህራኑም አወጣችሁ።

በ1998 ዶሚኒክ ደ ኬርቫንና ባልደረቦቹ ይህንኑ በአይጥ ሞከሩት። አይጦቹ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ እየዋኙ፣ የማትታይ መቆሚያ የት እንዳለች ተማሩ። በማግስቱ ሲፈተኑ አንዳንዶቹ አስቀድሞ የኤሌክትሪክ ንዝረት ቀመሱ። ንዝረቱ ከፈተናው 2 ደቂቃ በፊት ሲሆን መቆሚያዋን አልረሱም። 4 ሰዓት በፊት ሲሆንም አልረሱም። 30 ደቂቃ በፊት ሲሆን ግን ጠፋባቸው። ሆርሞኑ እንዳይመረት ሲደረግ ደግሞ መርሳቱ ቀረ። 2 ደቂቃው ላይ ኮርቲሶሉ ገና አልደረሰም፤ 4 ሰዓቱ ላይ ወርዷል። አይጥ ልጅ አይደለም የሚል ካለ ልክ ነው። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በኋላ በሰው ሞከሩት። ቃላት ያጠኑ ሰዎች በማግስቱ ከመጠየቃቸው 1 ሰዓት በፊት ሰውነት ውስጥ ወደ ኮርቲሶል የሚቀየር የኮርቲዞን ክኒን ሲወስዱ የሚያስታውሱት ቀነሰ።

እውቀቱ አልጠፋም። በሩ ነው የተዘጋው። ይህንን የምላችሁ ልጆቹ፣ እናንተን ነው። ባዶ ሲሆንባችሁ «አላጠናሁም ማለት ነው»፣ «ደደብ ነኝ» አትበሉ፤ እንደሱ ስትሉ ሁለተኛ ዙር ኮርቲሶል እያዘዛችሁ ነው። ጥያቄውን ዝለሉት። የምታውቁትን ቀላል ነገር ሥሩ። ኋላ ተመለሱበት።

ፈታኝ ሆናችሁ የምትሄዱ መምህራን፣ እናንተንም እለምናችኋለሁ። ፍተሻው ግዴታ ነው፤ ገብቶኛል። ጩኸቱ ግን ግዴታ አይደለም። ወላጆችም የመጨረሻዋን ምክር ከመሸኛው ሰዓት አውጡልኝ። «የቤተሰቡ ተስፋ አንተ ነህ፤ እንዳታሳፍረን» የሚለው ምክር ጥሩ ምክር ነው እንበል፤ ማታ ከራት በፊት ንገሩት። ጠዋት በር ላይ «ጃኬትህን ያዝ» ይበቃል።

ከዚህ የሚቀጥለው ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል።

በ1987 ሪቻርድ ቶምፕሰን ቤተ ሙከራ ውስጥ የተጨነቁ አይጦች ሂፖካምፐስ ተወስዶ ታየ። ያ ብሊስና ሎሞ ያገኙት መጠናከር ደክሞ ነበር። ጥሩ፤ ጭንቀት መጠናከርን ይጎዳል ተባለ። ግን ሕመሙ ነው የጎዳው ወይስ ሌላ ነገር? በ1989 ትሬሲ ሾርስ ከነቶምፕሰን ጋር ሆና ይህንን ለየችው። ሁለት አይጦች አሉ። ንዝረቱ ለሁለቱም እኩል ነው፤ በአንድ ጊዜ ይጀምራል፤ በአንድ ጊዜ ያቆማል። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። የመጀመሪያው አይጥ የሚገባውን ሲያደርግ ንዝረቱ ይቆማል፤ ለራሱም ለጓደኛውም። ሁለተኛው የፈለገውን ቢያደርግ ለውጥ የለም። እኩል ተመቱ። ሲናፕሱ ክፉኛ የተጎዳው ግን የሁለተኛው ነው።

ሁለተኛውን አይጥ አስቡት። ሕመሙ ከጓደኛው አይበልጥም። የጎደለው መውጫ ነው።

አንድ መምህር ነበሩን። ስማቸውን አልጠራም፤ ትምህርት ቤቱንም እንዲሁ። ከመደዳው አንድ ልጅ ካወራ መደዳው ሁሉ ይገረፋል። እኔ ሦስተኛው መደዳ ነበርኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ወሬ የማይሰለቸው ልጅ ነበር። የቤት ሥራ ሠርቼ ብመጣም እገረፋለሁ፤ ባልሠራም እገረፋለሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የቤት ሥራውን ተውኩት። ስንፍና መስሎኝ ብዙ ዓመት አፍሬበታለሁ። የሾርስን ጥናት ሳነብ «ለካ እኔ ሁለተኛው አይጥ ነኝ!» አልኩ።

ይህ ነገር ያለ ዱላም ይሆናል። ልጅቷ 60 አምጥታ ትሰደባለች። አጥንታ 80 ስታመጣም ትሰደባለች። 95 ይዛ ስትመጣ «አምስቷን ምን በላት?» ትባላለች። ወላጅ ማበረታታቱ ነው። ለልጅቷ አንጎል ግን ያደረገችው ነገር ሁሉ ንዝረቱን አላቆመም።

በሀገር ደረጃም አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ውጤት በጭንቀት ማመካኘት አልፈልግም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ከአንጎልም ይሰፋል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስንት ልጅ «ባጠናም ያው ነው» ሲል ሰምታችኋል? እኔ ኮምቦልቻ ጀበና ቡና በጠጣሁ ቁጥር እሰማዋለሁ። ከውጤቱ በላይ ያቺ «ያው ነው» የምትለዋ ቃል ታስፈራኛለች።

እስካሁን ያወራነው ስለ አንድ ቀን ጭንቀት ነው። ሲከርምስ?

በ1992 ከማክዩን ቤተ ሙከራ የወጣ ሥራ አለ። አይጦችን በቀን 6 ሰዓት፣ ለ21 ቀን አጣበው አስቀመጧቸው። አልመቷቸውም፤ መንቀሳቀስ ብቻ ነው የከለከሏቸው። ከዚያ አንጎላቸውን በብር ቀለም አቅልመው አዩት። ይህ የማቅለም ዘዴ ጣሊያናዊው ጎልጂ በ1873 ያገኘው ነው፤ ዛሬም እንጠቀምበታለን። እንዲህ ያለ ዝግጅት በማይክሮስኮፕ አይቻለሁ። ወርቅማ ቢጫ መደብ ላይ አንዲት ጥቁር ዛፍ ትታያለች። ቅርንጫፎቿ ላይ ጥቃቅን እሾህ አለ፤ የግራር ቅርንጫፍ ትመስላለች። ሐብሐቡ የሚቀለበው በአብዛኛው እነዚያ እሾሆች ላይ ነው። የታፈኑት አይጦች ዛፍ ሂፖካምፐስ ውስጥ ቅርንጫፏ አጥሯል። ቅርንጫፍ ሲያጥር እሾህም ሲናፕስም አብሮ ይሄዳል።

ዛፏ ግን አልሞተችም። ወሎ ውስጥ ዝናብ ሲጠፋ ዛፍ ቅጠሉን ያራግፋል አይደል? ሞቶ አይደለም፤ ራሱን ቆጥቦ ነው። ማክዩንም የቅርንጫፉን ማጠር እንደ ራስ መከላከያ ነበር የሚያየው። አፈናው ሲቀር በወጣት አይጦች ላይ ቅርንጫፉ ተመልሶ ያድጋል። ባረጁት ላይ ግን፣ ከግንባር ኋላ ባለው የአንጎል ክፍል እንደታየው፣ መመለሱ ይከብዳል። እኛ ሽበት ያለን እዚህ ጋ ትንሽ እንተክዛለን።

አሚግዳላ የሚባል ሌላ ክፍል ደግሞ አለ፤ ፍርሃት የሚማረው እሱ ነው። ባንጋሎር ውስጥ ሱማንትራ ቻተርጂና ተማሪዎቻቸው በ2002 ሁለቱን ጎን ለጎን አዩ። ያው ጭንቀት የሂፖካምፐስን ቅርንጫፍ ሲያሳጥር የአሚግዳላን ቅርንጫፍ አስረዘመ። ኋላ ላይ ደግሞ ከ21 ቀን ዕረፍት በኋላ ተመለከቱ። የሂፖካምፐሱ ተመልሷል። የአሚግዳላው እንደረዘመ ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህንን ማስረዳት አያስፈልገኝም። በዚያ ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከደሴም ከኮምቦልቻም ልጅ አዝለን የወጣን ብዙ ነን። እናቴ ዛሬም ጎረቤት የቆርቆሮ በሩን ባላተመ ቁጥር እጇ ደረቷ ላይ ይሄዳል። ስንት ጊዜ «እማ፣ በር ነው እኮ» ብያታለሁ። በር መሆኑን ታውቃለች። የምታውቀው ክፍልና የሚደነግጠው ክፍል ግን አንድ አይደሉም። አሁን «በር ነው እኮ» ማለት ትቻለሁ። አጠገቧ እቀመጣለሁ። በዚያ ዓመት 7ኛና 8ኛ ክፍል የነበሩ ልጆችም አሉ። የሚጮህ መምህር ፊት ድርቅ ብሎ የሚቀር ልጅ ስታዩ ንቀት ነው ለማለት አትቸኩሉ። የተጨነቀ አንጎል መማር አያቆምም። የሚማረው ነገር ነው የሚቀየረው፤ ኬሚስትሪውን ትቶ የእናንተን ድምፅ ያጠናል።

እስካሁን ያላነሳሁት አንድ የሂፖካምፐስ ሥራ አለ። ኮርቲሶል ሲበዛ «ይበቃል» ብሎ ፋብሪካውን ከሚያዘጉት አንዱ እሱ ነው። ፍሬን ነው። አሁን ሐረጎን ውረዱት። ከዚህ እስከ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱ ከ600 ሜትር ይበልጣል። አዲስ ሹፌር ከላይ እስከ ታች ፍሬን ላይ ቆሞ ይወርዳል። ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ፍሬኑ ግሎ ሊከዳው ነው። ሰንብቶ የቆየ ጭንቀትም እንደዚህ ፍሬኑን ራሱን ያደክማል፤ ፍሬኑ ሲደክም ኮርቲሶሉ ቶሎ አይወርድም፤ እሱ ደግሞ ፍሬኑን ያባስበታል። የለመደው ሹፌር በማርሽ ይወርዳል፤ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ነካ ያደርገዋል። ማርሹ ምንድን ነው ካላችሁ፣ እንቅልፍ ነው፤ እግር ነው፤ ሰው ነው። ብዙም አልሄድበትም፤ የምታውቁት ነው። አንድ ብቻ ልጨምር። በ2011 የወጣ ጥናት ላይ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች በሳምንት 3 ቀን፣ ወደ 40 ደቂቃ፣ ለ1 ዓመት በእግር ሄዱ። ሂፖካምፐሳቸው 2 በመቶ ያህል ጨመረ። ከሆጤ ፒያሳ በእግሩ የሚወጣ ሰው ታዲያ ምን ይሁን?

ከሰው ጭንቅላት የተገኘ አንድ ነገር ልንገራችሁና ጥያቄ እቀበላለሁ። በ2009 ኮነር ሊስተንና ባልደረቦቹ ኒውዮርክ ውስጥ 20 የሕክምና ተማሪዎችን መረመሩ። ተማሪዎቹ ለከባድ ፈተና 1 ወር ሙሉ ሲጨነቁ ነበር። ትኩረታቸውን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዞር ከብዷቸው ተገኘ። ከግንባር ኋላ ያለው የአንጎል ክፍልም ከሌሎቹ ጋር የነበረው ትስስር ላልቶ ታየ። ፈተናው አለፈ። ከ1 ወር ዕረፍት በኋላ ተመልሰው ሲመረመሩ ካልተጨነቁት ጋር እኩል ሆኑ።

ጥያቄ።

(የመጀመሪያዋ ጠያቂ ነጠላ ያጣፉ እናት ነበሩ።)

«ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ነገርከን። ዱዓውስ? እኛ ጠዋት ጠዋት ቡና አፍልተን ዱዓ እናደርግለታለን። ይጠቅመዋል?»

እማማ፣ ዱዓውን የምለካበት መሣሪያ የለኝም፤ የኔም ሥራ አይደለም። ልለካው የምችለው ከጎኑ ያለውን ነው። ሰው አጠገብ የሚወደው ሰው ሲኖር ኮርቲሶሉ እንደ ወትሮው አይዘልም፤ በእንስሳትም በሰውም ታይቷል። እርስዎ ጀበናው አጠገብ አስቀምጠው «አብሽር» ሲሉት ትከሻው ሲወርድ አላዩም? እሱ ነው። ብቻ ዱዓው ውስጥ «ዶክተር አድርግልን» የምትለዋን እሱ በሌለበት ይበሏት።

(ሳቁ።)

(ቀጥሎ አንድ መምህር ስለ ጫት ጠየቁ። ልጆቹ ሌሊት እየቃሙ ነው የሚያጠኑት አሉ።)

አውቃለሁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር ዝምድና አለው። ያነቃል፤ ውሸት የለውም። በምርቃና ሰዓት ሁሉ ነገር የገባን ይመስለናል። ግን ቀን የተጨመረው ቀላቢ በቋሚነት የሚቀጠረው እንቅልፍ ሲወስደን ነው። ሌሊቱን ያነጋ ልጅ ሐብሐቡን ሲያራግፍ አድሮ መጋዘኑን ክፍት ትቶ እንደሄደ ቁጠሩት። ጠዋት ላይ ግማሹን አያገኘውም። በዚያ ላይ እንቅልፍ ማጣት ራሱ ጭንቀት ነው፤ ትርፍ ጫነ ማለት ነው።

(መጨረሻ ላይ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ተነሳ። ሹራቡን እስከ ጣቱ ስቦታል።)

«ቲቸር፣ ፈተናው 5 ሳምንት ነው የቀረው። አይጦቹ በ21 ቀን ተመልሰዋል ካሉ፣ 5 ሳምንት ይበቃል?»

ይበቃል፤ ዕድሜህም ከአንተ ጋር ነው። ግን ዛሬ ማታ ትጀምራለህ። ዛሬ ማታ ትተኛለህ።

«ዛሬ እንኳ ፊዚክስ አለብኝ።»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጨርስ ጠየቅሁት።

«ስምንት።»

አምስት አልኩት። ሰባት አለ። ሲጨቃጨቅ ሰኞ ገበያ ያደገ ይመስላል። አምስት ተኩል ላይ ተስማማን።